ደመራው ወደየት እንደወደቀ ያላየው ፖሊስ

መስከረም 16 መስቀል አደባባይ የነበረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። የሕዝቡ ሁሉ ፊት ወደ ደመራው ነው። ካህናቱ ይዞራሉ፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ያሸበሽባሉ፣ ሞባይሉ ሁሉ ከራስ በላይ ይነሳል። አንድ ረድፍ ሰው ግን ጀርባውን ለደመራው ሰጥቶ ቆሟል። የሚያየው ሕዝቡን ነው። እጅ ያያል፣ ቦርሳ ያያል፣ ግፊያው የት ጋ እንደሚጠና ያያል። እሳቱ ሲለኮስ እልልታውን ይሰማል። ነበልባሉን ግን አያይም።

ታላቅ ወንድሜ እዚያ ረድፍ ውስጥ መቆም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዓመት ከጥበቃ ሲገባ "ጋሼ፣ ደመራው ወደየት ወደቀ?" አልኩት። ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። "እኔ የት አይቼው" አለኝና ጫማውን መፍታት ጀመረ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ድካም ነበር። ያን ማታ ምግብ ቀርቦለት አልበላም። ልጁ ፊኛ ሲያፈነዳ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሁላችንም ዝም አልን። እሱም ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ጠይቄአለሁም። ካህናትን፣ ሐኪምን፣ እሱን ራሱን። የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰሉ ክርስቲያን ፖሊሶች፣ ለሚስቶቻቸው፣ ለባሎቻቸው፣ ለንስሐ አባቶቻቸው ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሥራው የሚያመጣውን ጭንቀት በእምነት መቋቋም ሲባል፣ በተግባር ምን ማለት ነው? "ጸልይ" ማለት መልስ ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ምን ብሎ? በየትኛው ሰዓት? ለማንስ ነግሮ?

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ያጋጠመውን ገበሬ አስቡ። አንጎሉ እሱን ሳያማክር ትእዛዝ ይሰጣል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይረጫል። ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ደሙ ከሆዱ ወደ እጅና እግሩ ይሄዳል። ለዚህ ነው የደነገጠ ሰው ምግብ የማያሰኘው። ቀጥሎ ኮርቲሶል የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይመጣና ጉልበቱ ቶሎ እንዳያልቅ ያደርጋል። ይህ ሁሉ እግዚአብሔር በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው የመዳኛ መንገድ ነው። በሽታ አይደለም።

ገበሬው ጅቡን ካመለጠ በኋላ ቤቱ ይገባል። እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ሰውነቱ ይረግባል። መሃል አዲስ አበባ ላይ የተሰማራ ፖሊስ ግን ጅቡ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ለገሃር አካባቢ ሲዘዋወር፣ ሜክሲኮ አደባባይ ሲቆም፣ ፒያሳ ላይ ሌሊቱን ሲያድር፣ ዓይኑና ጆሮው ተወጥረው ይውላሉ። አብዛኛውን ቀን ምንም አይፈጠርም። ሰውነቱ ግን "ምንም የለም" የሚለውን አያምንም። ከዚያ ድንገት የመኪና አደጋ ይመጣል፣ ሬሳ ይነሳል፣ የተደፈረች ልጅ ቃል ይቀበላል። ተረኛ ክፍሉን አስረክቦ ሲወጣ እነዚያ ሁሉ አብረውት ይወጣሉ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የተወጠረው ሰውነት ወደ ታች ይወድቃል። ሶፋ ላይ ይዘረጋል፣ ቴሌቪዥን ያያል፣ ግን አያይም። ሲያናግሩት በአንድ ቃል ይመልሳል። ሚስቱ "አንተ እኮ ከእኛ ጋር የለህም" ትላለች። እውነቷን ነው። እሱ ግን ስላልወደዳቸው አይደለም፤ ሰውነቱ ሂሳቡን እየከፈለ ነው። ይህን ሁለቱም ቢያውቁት ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ባህላችን ይገባል። "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። "ወንድ ነህ፣ ቻለው" እንላለን። ለሴት ፖሊሶች ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነው፤ ጣቢያ ውስጥ እንዳትደክም ትጠበቃለች፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ወጡ ይጠብቃታል። ግን ሆድ አይፈጀውም። የፈጀ የመሰለው ነገር በእንቅልፍ እጦት፣ በጨጓራ፣ በልጅ ላይ በሚወርድ ቁጣ፣ በመጠጥ በኩል ይወጣል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብና ጥያቄ በኋላ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ፖሊስን የሚረዳው እምነት እውነቱን እንዲናገር በር የሚከፍትለት እምነት ነው። ለእግዚአብሔር፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለአንድ ባልደረባው፣ ሲያስፈልግም ለሐኪም። በእምነት ስም አፉን የሚያዘጋው ምክር ግን ያው የድሮው ሆድ ይፍጀው ነው።

መጀመሪያ እንጎቻና ውሃ

በነገሥት መጽሐፍ ውስጥ የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ወዲያው ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች። ሸሸ። ምድረ በዳ ገብቶ ከአንድ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና "በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት" ብሎ ለመነ። ይህን ያለው ሰነፍ ሰው ወይም እምነት የጎደለው ሰው አይደለም። ኤልያስ ነው።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። "እንዴት እንዲህ ትላለህ" አላለውም። ኤልያስ ተኛ። መልአክ ነካ አድርጎ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ "መንገዱ ይበዛብሃልና ብላ" አለው። ስለ ሥራውና ስለ ፍርሃቱ የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉን እዩት። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ከዚያ ንግግር። ከሌሊት ፈረቃ የወጣን ሰው ልክ በር ሲገባ "ለምን አትጸልይም፣ ለምን ቤተ ክርስቲያን አትሄድም" ብሎ መያዝ ትክክል አይመስለኝም። ይተኛ። መጋረጃው ይዘጋ፣ ሕጻናቱ ወደ ጎረቤት ይሂዱ፣ ስልኩ ይጥፋ። ያን ቀን መተኛቱ ራሱ መታዘዝ ነው።

ጾምን በተመለከተ ወንድሜ ለዓመታት የተቸገረበት ነገር አለ። በዐቢይ ጾም ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይቆይ ነበር። ያለ እንቅልፍ ያደረ ሰውነት ላይ ባዶ ሆድ ሲጨመር ትዕግሥት ቶሎ ያልቃል። መሣሪያ የያዘ ሰው ትዕግሥቱ ማለቅ የለበትም። በመጨረሻ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። እሳቸውም ጾሙን ከሥጋና ከወተት እንዲጠብቅ፣ ሰዓቱን ግን እንደ ሥራው ጠባይ እንዲያደርግ ፈቀዱለት። ይህን ለራስ በራስ መወሰን አይገባም፤ ግን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ብዙዎች ሳይጠይቁ ይሰቃያሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሳይጠይቁ ይተዉታል።

ስለ ጫትና አረቄም በግልጽ መናገር አለብኝ። ሌሊት ላለመተኛት ጫት፣ ጠዋት ለመተኛት አረቄ የሚሉ ሰዎች አሉ። አረቄ ያስተኛል፤ ግን እንቅልፉን ይሰብረዋል። ሰውየው ስድስት ሰዓት ተኝቶ ሁለት ሰዓት የተኛ ያህል ደክሞ ይነሳል። ቀስ በቀስ አረቄ የሌለበት እንቅልፍ ይጠፋል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ስድብ አይጠቅመውም፤ ህክምናና አብሮት የሚሄድ ሰው ይጠቅመዋል።

መንፈቀ ሌሊት የነቃ ሰው

ቤተ ክርስቲያን የቀኑን ጸሎት በሰባት ጊዜ ትከፍላለች። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። በሥራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱን ሙሉ ማድረስ አይችልም። ብዙ ፖሊሶች ይህን ሲያስቡ "እኔ ከጸሎት ወጥቻለሁ" ይላሉ። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። መነኮሳት መንፈቀ ሌሊት የሚነሡት እንቅልፋቸውን አሸንፈው ነው። ተረኛ ፖሊስ በዚያ ሰዓት ነቅቶ ቆሟል። ወሩ በገባ በ23 ሌሊት ፒያሳ ላይ የሚያድር ሰው ከአራዳ ጊዮርጊስ በኩል የሚመጣውን ማኅሌት ሊሰማ ይችላል። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የሊቃውንቱ ድምፅ። እነሱ ውስጥ ሆነው፣ እሱ ውጭ ሆኖ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ወንድሜ ይህን ካሰበ ወዲህ የሌሊት ስምሪቱን እንደ ቅጣት ማየት እንደተወ ነግሮኛል።

ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ አይችልም፤ አይገባውምም። ስለዚህ አጭር ጸሎት ያስፈልገዋል። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"ን ወይም "አቤቱ ማረኝ"ን ዓይን ገልጦ፣ ከንፈር ሳይንቀሳቀስ፣ ከትንፋሽ ጋር ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ሲገባ "እግዚኦ"፣ ቀስ ብሎ ሲወጣ "መሐረነ ክርስቶስ"። ኪሱ ውስጥ መቁጠሪያ ያለው 41 ጊዜ ይቆጥራል። የሌለው በጣቶቹ ይቆጥራል።

ይህ ሰውነት ላይ የሚያመጣው ነገር ተለክቷል። ጣሊያን ውስጥ ሐኪሞች 23 ጤነኛ ሰዎችን መቁጠሪያ ይዘው የካቶሊኮቹን የማርያም ጸሎት በላቲን እንዲያደርሱ አደረጉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ጸሎቱ ሲደጋገም የሰዎቹ ትንፋሽ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ወረደ። በዚህ ፍጥነት ሲተነፈስ ልብና የደም ግፊት ተስማምተው ይሠራሉ። ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ነርቭ "አደጋው አልፏል" የሚል መልእክት ያደርሳል። ያ የገበሬው እሳት ዳር መሆኑ ነው።

ይህ ማለት ግን ጸሎት የትንፋሽ ልምምድ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የሚጸልይ ሰው ለሚሰማው አምላክ ነው የሚናገረው። ግን ነፍስና ሥጋ አብረው ስለተፈጠሩ አንዱ ሲያርፍ ሌላውም ያርፋል። እኔ ይህን ሳውቅ እምነቴ አልቀነሰም፤ አባቶቻችን መቁጠሪያውን ለምን እንዳወረሱን የበለጠ ገባኝ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቦታ ከሥራ ወደ ቤት የሚሻገርበት ነው። ወንድሜ ታክሲ ከወረደ በኋላ ቤት ሳይደርስ ያለ አንድ የድንጋይ አጥር ጋ ይቆማል። አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል። የዚያን ቀን ያያቸውን ሰዎች በስማቸው፣ ስማቸውን ካላወቀ "ያች ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች እናት" እያለ፣ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በሩን ያንኳኳል።

ዳዊት የሚያጉረመርምበት ምክንያት

ብዙ ሰው ጸሎት ማለት ጥሩ ጥሩ ቃል መናገር ይመስለዋል። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ይህ እንዳልሆነ ያውቃል። ከመዝሙሮቹ ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ናቸው። "እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" ይላል። "ለምን ተውኸኝ?" ይላል። ጠላቶቹ እንዲዋረዱ የሚለምንባቸው፣ አንባቢን የሚያስደነግጡ መዝሙሮች አሉ። መዝሙር 87፣ በሌላው አቆጣጠር 88፣ ያለ አንዳች የመጽናኛ ቃል ነው የሚያበቃው። ይህን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አላወጣችውም። በሰባቱ ቀናት ከፍላ ታስደግመዋለች።

ለፖሊስ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሕጻን ልጅ ላይ ግፍ የሠራ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ቃሉን መቀበል አለበት። ውስጡ ይንቦገቦጋል። ያ ቁጣ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ወይ ተጠርጣሪው ላይ ይወርዳል፣ ወይ ቤት ሄዶ ልጁ ላይ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። ዳዊት አራተኛ መንገድ ያሳያል፦ ቁጣውን እንዳለ፣ ሳያስጌጡ፣ ለእግዚአብሔር መንገር። እግዚአብሔር በዚህ አይደነግጥም። ተጠርጣሪው ደግሞ ሳይደበደብ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ከመዝሙሮቹ ሁሉ ለፖሊስ የሚቀርበው መዝሙር 90 ይመስለኛል፣ በሌላው አቆጣጠር 91። በልዑል መጠጊያ ስለሚኖር ሰው ይናገራል። እዚያ ውስጥ "የቀትር ጋኔን" የሚል ቃል አለ። የግብፅ በረሃ አባቶች ይህን ቃል ይዘው ስለ አንድ ልዩ ድካም አስተማሩ። ፀሐይ ቆማ የቀረች የሚያስመስል፣ ሥራን የሚያስጠላ፣ "ምን ዋጋ አለው" የሚያሰኝ ድካም። መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀትር የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። መነኮሳቱም አውቀውት ነበር፤ መድኃኒቱም በቦታ መጽናት፣ በእጅ መሥራትና ለአንድ አባት ሐሳብን መግለጥ ነበር።

ፍርሃት ሳይሆን ሕሊና ሲቆስል

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድንጋጤና ድካም ነው። ሌላ ቁስል ደግሞ አለ። ጆናታን ሼይ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ለዓመታት አክሟል። ብዙዎቹን የሚያሠቃያቸው የሞት ፍርሃት ብቻ እንዳልነበረ ተረዳ። ልክ ነው ብለው የሚያምኑት ነገር መጣሱ ነበር። ይህን የሕሊና ቁስል ልንለው እንችላለን።

ፖሊስ ይህን ያውቀዋል። ቀድሞ መድረስ ሲችል ዘግይቶ የደረሰ አለ። የታዘዘውን ፈጽሞ ማታ ላይ እንቅልፍ ያጣ አለ። በንዴት እጁን ያነሳ አለ። ባልደረባው ሲሳሳት አይቶ ዝም ያለ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው "ተረጋጋ፣ በትንፋሽ ጸልይ" ማለት አይበቃም። ሰውየው የሚያስፈልገው ይቅርታ ነው።

ኑዛዜ ለዚህ ነው የተሰጠው። በኦርቶዶክስ ቤት እያንዳንዱ ምእመን የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል። ካቶሊኮቹም ኑዛዜ አላቸው። በወንጌላውያኑ ዘንድ ከታመነ ሽማግሌ ወይም መጋቢ ጋር ቁጭ ብሎ መናዘዝና አብሮ መጸለይ አለ። ምሥጢሩ አይወጣም። ሰው ቃሉን ከአፉ አውጥቶ ሌላ ሰው ሲሰማው፣ ያ ሰው ደግሞ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሲለው፣ ለብቻ በማሰብ የማይገኝ ነገር ይገኛል።

ብዙ ፖሊሶች የሚፈሩት አባ ይደነግጣሉ ብለው ነው። አንድ ካህን ሲነግሩኝ፣ ሰዎች ዳር ዳሩን እየዞሩ ያወራሉ አሉ። ስለ ጾም መሻር፣ ስለ ስድብ ይናገራሉ፤ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ፣ ለመሄድ ሲነሡ ይወጣል። "እኔ ያን ጊዜ ነው የምቀመጠው" አሉኝ። ስለዚህ ንስሐ አባቶች፣ እባካችሁ ፖሊስ ልጃችሁን አታጣድፉት። እናንተ ፖሊሶች ደግሞ በዩኒፎርም መሄድ ከከበዳችሁ በሲቪል ልብስ ሂዱ። ንግግሩ "አባ፣ ሥራ ላይ ስላጋጠመኝ ነገር ልንገርዎት" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀመራል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ኑዛዜ ተጠያቂነትን አይተካም። የተበደለ ሰው ካለ፣ ንስሐ እሱን መካስንም ይጨምራል። ዘኬዎስ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለዚህ ነው። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው "እኛስ ምን እናድርግ?" ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ማንንም በግፍ አትንጠቁ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ይህ ቃል የደመወዝ ጥያቄን ለማፈን ሲጠቀስ ሰምቼ አዝኛለሁ። ዮሐንስ የከለከለው ከድሃ መቀማትን ነው። የቤት ኪራይ ማታ ማታ የሚያስጨንቀው ፖሊስ ደመወዜ ይሻሻል ቢል ዮሐንስን አልተቃወመም።

እምነት ሲከብድ

ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰዎች በመከራ ጊዜ እምነታቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለረጅም ጊዜ አጥንቷል። እምነት ሁልጊዜ እንደማያሳርፍ አሳይቷል። "እግዚአብሔር አብሮኝ አለ፣ ከእሱ ጋር እሠራለሁ" የሚል ሰው በአብዛኛው ይጽናናል። "እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው፣ ትቶኛል" የሚል ግን ጭንቀቱ ይብስበታል። ስለዚህ ለተጨነቀ ፖሊስ "ኃጢአትህ ነው"፣ "እምነት ስለጎደለህ ነው" ማለት ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚለውም እንዲሁ ነው። አይጣሉም። በ81 መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ስትታመም ጸልይ፣ ከዚያ ለሐኪም ቦታ ስጠው ይላል። ለወንጌላውያን ወንድሞቼ ደግሞ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ጸበል የሚሄድ ሰው ኪኒኑን አያቋርጥ።

አንድ ሰው የደረሰበት ነገር በሕልሙ እየመጣ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ አደጋው በደረሰበት መንገድ ማለፍ ካቃተው፣ በትንሽ ድምፅ የሚበረግግ ከሆነ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድበት ሰዓት ነው። የሚታከም ሕመም ነው። በእኛ ከተማ "አማኑኤል ገባ" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ከህክምና አርቋል። አማኑኤል ሆስፒታል ሰው የሚድንበት ቤት ነው። በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ።

ብቻውን የማይጠብቅ ጠባቂ

ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጨነቅ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ነው የገባው። ነፍሱ እስከ ሞት እንዳዘነች ነገራቸው፣ አብራችሁኝ ትጉ አላቸው። እሱ ካልደበቀ ሳጅኑም ኢንስፔክተሩም መደበቅ የለባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዝ ውስጥ ካትሪን ገርኒ የምትባል ሴት የክርስቲያን ፖሊሶች ማኅበር መሠረተች። መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ፣ ይጸልዩ ነበር። እሷ ግን በዚያ አላቆመችም። በ1890 ሆቭ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የታመሙና የዛሉ ፖሊሶች የሚያገግሙበት ቤት አስከፈተች። ለሟች ፖሊሶች ልጆችም ማሳደጊያ አቋቋመች። ጸሎቱና አልጋው አብረው ሄዱ። እኛ ደግሞ የራሳችን አለን። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የቤት ለቤት ኅብረት፣ እድር። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ ይጎድላል፤ ሁለት ሦስቴ ሲቀር ያፍርና ጭራሽ ይተዋል። ማኅበርተኞቹ "ለምን ቀረህ" ከሚሉት ዳቦውን ቤቱ ቢያደርሱለት ይሻላል።

ጣቢያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆኖ ከስምሪት በፊት መጸለይም መልካም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣቢያው የሁሉም ነው። ሙስሊም ባልደረባ አለ፣ ጸሎት የማይፈልግም አለ። ማንም እንደተገፋ እንዳይሰማው ይሁን። ለአለቆች ደግሞ የሙሴ አማት ዮቶርን አስታውሳለሁ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አይቶ "አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ" አለው፤ ሥራውን አከፋፍል ብሎ መከረው። ፈረቃን በሰዓቱ መቀየርና የተፈቀደ ዕረፍትን አለመከልከል መንፈሳዊ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ አለ። ሌሊት የምድር መናወጥ ሆነ፣ በሮቹ ተከፈቱ። እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን መዘዘና ራሱን ሊገድል ቀረበ። ጳውሎስ ከጨለማው ውስጥ ጮኸ። ራስህን አትጉዳ፣ ሁላችንም እዚህ አለን አለው። ስብከት አልጀመረም። መጀመሪያ እጁን አስቆመ፣ ከዚያ ብቻውን እንዳልሆነ ነገረው።

ባልደረባችሁ "መኖር ሰልችቶኛል" ካለ፣ ወይም ድንገት ንብረቱን ማደል ከጀመረ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቅ ያስተነፍሰዋል። መሣሪያው ለጊዜው ግምጃ ቤት ይግባ። ብቻውን አታሳድሩት። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አለቃው በክብር ይወቅ።

ባለፈው ዓመት አንድ የጣቢያ ባልደረባው ወንድሜን ሌሊት "መኖር ሰልችቶኛል" አለው። ወንድሜ ምን እንደሚል አላወቀም። ስለ ፊልጵስዩሱ ጠባቂ እኔ ነግሬው ነበርና "ሁላችንም እዚህ አለን" አለው። ሽጉጡን ተረኛው ሹም ተረከበው። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። ብዙም አላወሩም። ሲነጋ ሻይ ጠጥተው አብረው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ሰልፉ ላይ ቆሞ ካርድ ያወጣለት ወንድሜ ነው።